ሞታ የተመለሰችው ታላቅ እኅት

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የሞተች ሴት እየሳቀች ስትመጣ አየሁ፤ ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር፣ የግቢያችን ተከራይ አልማዝ ዓርብ ዓርብ ከሰው ቤት ሥራዋ ስታርፍ ዘንዶና ጠንቋይ የሞላበት የስልክ ጌም ትጫወታለች። እንግሊዝኛውን የምተረጉምላት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓርብ ጌሙ አስመረጣት፦ መንደሩ ከጎርፍ እንዲድን ከሁለት እኅትማማቾች አንዷ መሞት አለባት። ታናናሾቿን ለማስተማር የተሰደደችው አልማዝ ብዙ አሰበችና "ታላቋ ትሙት" አለች። አለቀሰችም።

ዛሬ ሟቿ ጌሙ ውስጥ ያለ አንዳች ምክንያት ከተፍ አለች!

"ጋሼ፣ ምን አለች?" ብላ ጠየቀችኝ አልማዝ።

የተማሪ ድርሰት ሳርም ያረጀሁ ሰው፣ ለማላውቀው የጌሙ ደራሲ ስል ዋሸሁ። "ለስንብት ተፈቅዶላት ነው፤ አሁኑኑ ትመለሳለች" አልኋት።

"ጋሼ ደግሞ! ስልኩ ላይ የተጻፈው ሁለት ቃል ነው፤ ይህን ሁሉ ከየት አመጡት?" ሳቀች። ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ። "የማትሞት ከሆነ ታዲያ ለምን አስመረጡኝ?"

መልሴን ሳትጠብቅ ጌሙን ከስልኳ አጠፋችው።

ወዳጆቼ፣ እናንተስ ያለቀሳችሁለት ሟች እንዲህ በከንቱ ተመልሶባችሁ ያውቃል? ጻፉልን፤ አልማዝም አጠገቤ ተቀምጣ ትጠብቃለች።