የእትዬ በላይነሽ የእጅ ጀርባ

ትናንት አመሻሽ ላይ አንድ የደከመ የድምፅ ማጉያ ቦርድ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ስጎረጉር የሞቀ ፕላስቲክ ሸተተኝና እጄ በራሱ ጊዜ ተገልብጦ ቦርዱን በጀርባው ዳሰሰው። ከፒያሳ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ እኔን የሚያህል ቦርድ ጠጋኝ የለም፤ ማንም አላስተማረኝም እያልኩም ለደንበኛው ሁሉ እጎርራለሁ፤ ይቺ የእጅ ጀርባ ግን የእትዬ በላይነሽ ናት።

ልጅ ሳለሁ እሪ በከንቱ ሰፈር በነበረው ግቢያችን ስንት ቤተሰብ በአንድ የመብራት ቆጣሪ ነበርን። ቤቱ ጭቃ፣ ግድግዳው የጋራ፣ ፍርሃቱም የጋራ፤ አንዱ ጋ እሳት ከተነሳ ሁላችንም አመድ ነን። እትዬ በላይነሽ ማንም ሳይሾማቸው ነጠላቸውን አገልድመው በየቤቱ እየገቡ፣ ልጅ ሲያተኩሰው ግንባሩን እንደሚነኩት፣ አምፖሉንም ሬዲዮኑንም በእጃቸው ጀርባ ይዳስሳሉ። ያለ ሥራ የሞቀ ካገኙ "ይሄ ደግሞ ለማን ነው ቆጣሪ የሚበላው?" ብለው ይነቅሉታል።

እኔ ያኔ ከሞቱ ሬዲዮኖች በለቀምኩት ዕቃ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ማጉያ ሠርቼ መሬት አልበቃ ብሎኝ ነበር። ቦርዱ ሁልጊዜ ይሞቃል፤ እኔም ኃይለኛ ስለሆነ ነው እል ነበር። አንድ እሁድ ከሰዓት ግቢው የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ልብስ ሰፊው ጋሽ ሰይድ ከበራቸው ሆነው "የዚህ ኢንጂነር ተብዬ ቆርቆሮ ነው፣ ፈጀን!" አሉ። የእማዬ ፊት አመድ መሰለ። ማጉያዬን ነቀልኩት፤ ሽታው ግን ጭራሽ ባሰበት።

እትዬ በላይነሽ ግቢው መሀል ቆመው "የማን ነው?" አሉ። በር ሁሉ ተከፈተ፤ ሁሉም ሮጦ የየራሱን ዳሰሰ። እሳቸው የኔን ቦርድ ነኩና "ይሄስ ለብ ብሏል እንጂ አላተኮሰውም" ብለው እጃቸውን ወደ ግድግዳው ሲያሻግሩ ፈጃቸውና ቶሎ መለሱት። የቆጣሪው ባልቦላ ተነቅሎ የግቢው መብራት ተቋረጠ። ጭቃውን ስንፈነቅለው ሽቦው ተልጦ፣ አጠገቡ ያለው እንጨት ከስሎ፣ ጫፉ ቀላ ብሎ ይጨሳል። አንድ ባልዲ ውሃ በቃው።

ከዚያ ወዲህ ለብ ያለውን ሁሉ አልጠረጥርም፤ የሚያተኩሰው ከጎኑ ነው ብዬ እፈልጋለሁ።

ግቢው ፈርሷል፤ እትዬም አፈር ከሆኑ ቆዩ። አሁን የምኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ ሁሉም የራሱ ቆጣሪ አለው፤ የማንንም አምፖል ማንም አይነካም። ትናንት ቦርዱን ብዳስሰው ቀዝቃዛ ነው። ግድግዳውን ብዳስሰው ይሞቃል። ብሬከሬን አውርጄ የቤቴን መብራት ሁሉ አጠፋሁ፤ ሙቀቱ ያው ነው፤ የኔ አይደለም ማለት ነው። ከግድግዳው ወዲያ ማን እንደሚኖር አላውቅም። ወጥቼ የጎረቤቱን በር ደበደብኩ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ "የማን ነው?" አልኩ። አንዱ ቲቪውን ከፍ አደረገው፤ ሌላው በሩን ከውስጥ ሲቆልፍ ሰማሁ።

ተመልሼ በጨለማው ግድግዳው ላይ እጄን አስደግፌ ቆምኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ግድግዳው ቀስ እያለ በረደ። ከግድግዳው ወዲያ የሚያተኩሰውን ነገር ማን እንዳጠፋው እስካሁን አላወቅሁም።