የእትዬ አስካለ መነጽር

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ኖርኩ። አሁን ግን ዓይኔ አስገደደኝ፤ ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ ከጎረቤላ በላይ ባለች ቀበሌ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ። ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ከተማሪዎቼ አንዷ እትዬ አስካለ ነበረች፤ ቄስ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇ ጦር ሜዳ የዘመተባት ሴት። ፊደል የምትቆጥረው የልጇን ደብዳቤ በገዛ ዓይኗ ለማንበብ ነበር። ይህን እኔ አውቅ ነበር።

ከኋላ መደብ ላይ ተቀምጣ ሰሌዳውን ከማንም ቀድማ ታነባለች። በፈተናው ቀን መጽሐፉን ስሰጣት ግን ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘረጋች፤ አንዲት ፊደል እንኳ አላነበበችም። እኔ ምን አሰብኩ? ባሏ ዳዊትን በቃሉ የሚወጣ ቄስ ነበር፤ እሷም ከሌሎቹ አፍ እየለቀመች በቃሏ ስትሸመድድ የከረመች መሰለኝ። በቀበሌው ሊቀመንበርና በፈተናው ተቆጣጣሪዎች ፊት፣ “ይህች ሴት አታነብም፣ ሸምድዳ ነው ያታለለችኝ” አልኩ። ጣልኳት። ሰው ሳቀባት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ወር ሳይሞላ የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጣ። እትዬ አስካለ ክር በመርፌ ለማስገባት ስትታገል አይቷት ኖሯል። “ሩቁን እንጂ ቅርቡን አታይም” አለኝና ከደብረ ብርሃን ያስመጣውን የማንበቢያ መነጽር እንዳደርስላት ሰጠኝ። በማግስቱ እሱ ወደ መዘዞ ተዛወረ።

እኔ አልሰጠኋትም። ለምን? መነጽሩን አድርጋ ብታነብ በሐሰት እንዳዋረድኳት አገር ያውቃል። ሳጥኔ ውስጥ ደበቅኩት። ነገ እሰጣታለሁ እያልኩ ሰነበትኩ።

ሰኔ ላይ በሰው እጅ የተላከ ደብዳቤ ይዛ ደጄ መጣች። ሌላው ፊደል አዋቂ ሊቀመንበሩ ነበር፤ እሱን ፈርታ ነው ወደ እኔ የመጣችው። ከፈትኩት። “እማዬ፣ እስካሁን ፊደል ለይተሻል ብዬ ነው፤ ይህን ከአንቺ ዓይን በቀር ማንም እንዳያየው” ይላል።

ቀና ብዬ አየኋት።

“ቀጥል መምህር፤ ምን አደርጋለሁ?” አለች።

ልጇ ከጦሩ ጠፍቶ አልዩ አምባ፣ አንድ ነጋዴ ቤት ተደብቋል። እኔ ይህን ጮክ ብዬ ሳነብ መነጽሩ ከኋላዬ፣ ሳጥኑ ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ እንኳ አላወጣሁትም።

“እንግዲህ ልጄ በእጅህ ነው” ብላኝ ወጣች።

ለማንም አልተናገርኩም። እሷ ግን በምን ታምነኝ? ያዋረድኳት በዚያው ሊቀመንበር ፊት አይደለም? ከእሱ ጋር ቆሜ ባየችኝ ቁጥር ፊቷ አመድ ይመስል ነበር። መስከረም ሳይጠባ በጎቿን ሸጣ፣ ቤቷን ዘግታ ወደ ቆላ ወረደች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ የእኔም ዓይን ቅርቡን እምቢ አለ። ልጆቼ አዲስ አበባ ወስደው በሌዘር አሳከሙኝ። ያለ መነጽር አነበብኩ፤ ደስ አለኝ። ሐኪሙ ግን በጊዜ ብዛት ችግሩ ሊመለስ እንደሚችል ነግሮኝ ነበር፤ እንዳለውም ከዓመታት በኋላ ተመለሰ። አንድ ቀን መጽሐፍ ይዤ ክንዴን እስከ መጨረሻው መዘርጋቴን አስተዋልኩ፤ ልክ እንደ እሷ። ሄጄ ሳጥኑን ከፈትኩ። መነጽሩ ልኬ ሆነ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በሉኝ፤ ልክ ናችሁ። ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር አልልም። ይቅርታውም በእናንተ እጅ አይደለም፣ በእሷ ነው፤ እሷ የት እንዳለች ደግሞ አላውቅም። ይህን የጻፍኩት በእሷ መነጽር ነው።