የሐረግ ገመዱ ወራሽ

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር ሥዕል ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየመታ በረንዳው ላይ ተቀምጠናል። እጁ ስለደከመ እርሳሱን እኔ በምላጭ እቀርጽለታለሁ፣ እሱ ይሥላል። ዛሬም የተቀረጸ እርሳስ ሲሸተኝ መጀመሪያ ያ ዝናብ ይመጣብኛል፤ ቀጥሎ ደግሞ የዘጠነኛ ክፍል ዴስካችን።

አባቴ በሥራ ተዛውሮ ቦንጋ ያመጣን ጊዜ፣ ማንኪራ ከሚባለው የገጠር ቀበሌ ከመጣ ልጅ ጋር አስቀመጡኝ። ልጁ በአፍ መፍቻው በካፊኖኖ ሲያወራ ጨዋታው አያልቅም፤ አማርኛ ሲሆን ግን ዝም ይላል። አንድ ቀን ተነስቶ ሲያነብ ተሳሳተና ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። ከዚያ ወዲያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ሲያነብ አልሰማንም። ይሥል ነበር እንጂ።

በደብተሩ የኋላ ገጾች ላይ ኮሚክ ይሥል ነበር። ጀግናው ማር ቆራጭ ነው። ከጫካ ሐረግ የተገመደ አስማታዊ ገመድ አለው፤ ያንን ገመድ የታጠቀ ሰው ከየትኛውም ዛፍ አይወድቅም፣ ጫካውን ሊያቃጥሉ የሚመጡትንም ያሸንፋል። ገመዱ በውርስ ነው የሚተላለፈው። ለምኖ የሚያገኘው የለም፤ ባለገመዱ ራሱ መርጦ በወራሹ ትከሻ ላይ ያኖርለታል።

ከሰዎቹ አፍ አጠገብ ያሉት ክቦች ግን ባዶ ነበሩ።

«ለምን አትሞላውም?» አልኩት።

«አንቺ ሙዪው። ባንቺ አማርኛ አይሳቅም።»

ደንባችን ይህ ሆነ። ምን እንደሚነጋገሩ አይነግረኝም፤ እኔ በእስክሪብቶ እሞላለሁ። ደብተሩ ከዴስክ ወደ ዴስክ ይዞር ጀመር። የሳቁበት ልጆች ቀጣዩን ገጽ ለማየት ይለማመጡት ነበር። አንዱ ቀልደኛ፣ የሒሳብ ፈተና እስኪያልፍ ድረስ ገመዱን አውሰኝ ይለው ነበር።

ጥፋት የሠራሁት የመጀመሪያው ጀግና ገመዱን ሲያስረክብ ነው። ሽማግሌው ጀግና ገመዱን በወጣት ወራሹ ትከሻ ላይ ያደርጋል። በአፉ አጠገብ ባለው ክብ ውስጥ «እንግዲህ የምወድቀው እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ያማረ ነገር የጻፍኩ መስሎኝ ነበር።

ልጁ አንብቦ ደብተሩን ዘጋ። ቀጣዩን ገጽ አስቀድሞ ሥሎት ነበር፤ ሽማግሌው ማሩን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አጎቱ ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ከዛፍ ወድቆ እንደሞተ የነገረኝ ያን ዕለት ነው።

«ገደልሽው» አለኝ።

ላጠፋው ስፍቅ ወረቀቱ ተበሳ። በማግስቱ ግን ልጁ «ሁሉም አንብቦታል፣ አይለወጥም» ብሎ ሽማግሌው ወደ ቤቱ የሚሄድበትን ገጽ ቀደደው፤ ሽማግሌውን ዛፉ ሥር ወድቆ ሣለው። ከዚያ በኋላ ገመዱን ያስረከበ ሁሉ መሞቱ ሕግ ሆነ።

ስለዚህ ሁለተኛውን ጀግና ገመዱን ለማንም እንዲሰጥ አላደረገውም። ተጋባን። እሱ መምህር ሆነ፤ ዋጫ በምትባል ከተማ አስተማረ፣ ወደ ቦንጋ ተመለስን፤ ጀግናውም ከደብተር ወደ ደብተር እየተሻገረ ሸበተ። «ይህ ሰውዬ ጡረታ አይወጣም ወይ?» እያልኩ ስቀልድበት፣ «እስክሪብቶው ባንቺ እጅ እያለ እንዴት ብሎ?» ይለኝ ነበር።

ያን እሑድ ሥዕሉን ሲጨርስ ደብተሩን ወደ እኔ አዞረው። የሸበተው ጀግና ገመዱን በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ እያደረገ ነበር። ሴትየዋ እኔ ነኝ፣ መነጽሬ ሳይቀር። በአፉ አጠገብ ያለው ክብ ባዶ ነው። እዚያ ምን እንደሚጻፍ ሁለታችንም እናውቃለን።

«አልጽፍም» አልኩት።

«መቼ ልትጽፊ ነው?»

«ነገ። ዛሬ እርሳስ ቀራጭ ነኝ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። በማግስቱም አልጻፍኩም። ካልጻፍኩ የሚቆይልኝ መስሎኝ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ሞተ።

ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ሄዷል። ክቡን እስካሁን አልሞላሁትም። ሥዕል አልችልም፤ የምሥላቸው እግሮች እንደ ዱላ የደረቁ ናቸው። ቢሆንም በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ እቀመጥና፣ እርሳሴን ቀርጬ፣ አንድ የሸበተ ሰው ማር ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲሄድ እሥላለሁ።