የትዕግስት ግራ ጆሮ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ሙሉውን አልተናገርኩም። ግማሹን ነግሬያቸው ግማሹን ውጬ ተመለስኩ። አሁን የምጽፈው የዋጥኩትን ነው።

ልጄ ትዕግስት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ዕፅዋት ትማር ነበር። የዕፅዋቱ ስም በላቲን ነው አለችኝ። ሰኞ በቃል ትጠየቃለች፤ ብትወድቅስ፣ ቢያባርሯትስ እያልኩ እህል አልወርድ አለኝ። እኔ አንኮበር ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ከዚያ በፊት የቄስ ትምህርት ቤት ነበርኩ። እዚያ አንዲት ፊደል ለውጦ የደገመ ይገረፋል። ትምህርት ማለት ለእኔ ያ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ኩሽና ውስጥ ወጥ እያማሰልኩ፣ ጮክ ብላ እንድታጠና አዘዝኳት። ለአንዱ ተክል ነጭ ለማለት «አልቡስ» አለች። ለሌላው «አልባ» አለች።

«ቅድም እንደዚያ ነው ያልሽው?»

«እማዬ፣ መጨረሻው እንደ ስሙ ይለዋወጣል እኮ።»

የቀለደችብኝ መሰለኝ። በማማሰያው ትከሻዋን መታኋት። «በይ ድገሚ!» አልኳት። ደገመች፤ አሁንም «አልባ» አለች። መታኋት። እጇን፣ ጀርባዋን፣ ያገኘሁትን መታሁ። የአፍንጫዋ ደም ቀሚሷ ላይ ተንጠባጠበ።

እያለቀሰች፣ «አንቺስ ነጩ በሬ፣ ነጯ ላም አይደል የምትዪው? ላሚቱን ነጩ ትያታለሽ?» አለችኝ።

ገባኝ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያኔውኑ ገባኝ። ታዲያ ምነው እጄ አልቆመም? ምነው ማማሰያውን አልጣልኩም? በገዛ ኩሽናዬ የወለድኳት ልጅ አስተማረችኝ ብዬ ፊቴ ነደደ። «ደግሞ አስተማሪ ሆንሽብኝ?» ብዬ ግራ ጆሮዋን በማማሰያው አቀመስኳት። ከተቀመጠችበት ዱካ ተገልብጣ ወደቀች። ከጆሮዋ ደም ወረደ።

ፈተናውን አለፈች። ጆሮዋ ግን እስከ ዛሬ አይሰማም። ዛሬ ደብረ ሲና ሥራ ይዛለች፤ ልጠይቃት ስሄድ በቀኟ በኩል ቁጭ ብዬ ነው የማወራት።

ለንስሐ አባቴ መምታቴን ተናገርኩ። «ባለማወቅ ነው ልጄ» ብለው ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። እሷም ሰው በጠየቃት ቁጥር «እማዬ ሳታውቅ ነው» ትላለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ።

ትከሻዋን ስመታ አላወቅሁም ነበር። ጆሮዋን ስመታ አውቄያለሁ። ትዕግስት፣ ልጄ፣ ይቅር በይኝ አልልሽም። ሳታውቅ ነው አትበዪልኝ ብቻ።