የላሜ ግሳት

ሰሞኑን ከኮምቦልቻ የመጣች አንዲት የከብት ባለሙያ ከላሜ አፍንጫ ስር ቱቦ አስጠግታ ግሳቷን ስትለካ ዋለች። እውነቴን ነው!

«እማማ፣ ግሳቷ የዓለሙን አየር ያሞቀዋል። ገለባ ብቻ ስትበላ ይበዛል። ከዘይት መጭመቂያ የሚወጣ ፋጉሎ ቢጨምሩላት ግን ለሆዷ ይስማማታል፣ ግሳቷ ይቀንሳል፣ ወተቷም ይጨምራል» አለችኝ።

«አንቺስ ምሳሽን በልተሽ ስታገሺ ማን ለካሽ?» ብላት በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን ሌላ ግሳት ትዝ አለኝ።

እዚሁ ገራዶ የተዳርኩ ጊዜ ነው። ባሌ ወዲያው ለቀን ሥራ ኮምቦልቻ ወረደ፤ እኔ ከእናቱ፣ ከአማቴ ጋር ቀረሁ። ያኔ ሙሽራ አማቷን ቀና ብላ አታይም፣ ቀድማም አታወራም። እሳቸውም ዝም፣ እኔም ዝም። ክረምቱ ዝናብና ጉም ብቻ፤ የተቀቀለ ድንቻችንን በየጥጋችን ሆነን እንበላለን። የማወራው ከአባቴ ቤት ከመጣችው ጊደር፣ ከቦራ ጋር ነበር። «እናቴ እንዴት ሆና ይሆን?» እላታለሁ። እሷም ክንዴን ትልሰኛለች።

አንድ ጠዋት ላስደስታት ብዬ ከወንዙ ዳር ማገጥ የሚሉትን ባለ ሦስት ቅጠል ለምለም ሳር ከነጤዛው አጭጄ ቆለልኩላት። እኔ ያደግሁት ቆላ ነው፤ ማገጥ የት አውቄ! አማቴን እንዳልጠይቅ ደግሞ አፌ ተለጉሟል። ብዙም ሳይቆይ ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተነፋ። ማግሳት አቃታት፤ ምላሷን አውጥታ ታቃስት ጀመር። እሷ ከሞተች ማን አለኝ?

«እማዬ! ኧረ እማዬ፣ ይድረሱልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

አማቴ የኑግ ዘይት ይዘው ከተፍ አሉ። «ማገጥ ከነጤዛው! አንቺ ጉደኛ፣ ምነው ብትጠይቂኝ?»

«አፍሬ ነዋ!»

ዘይቱን ጋትናት፤ እንጨት አፏ ውስጥ አግድም አስረን ፊቷን ወደ ዳገቱ አቆምናት። ሆዷን ስናሽ፣ ስናሽ፣ በስንት መከራ ግሳቷን አማቴ ፊት ላይ ለቀቀችው። ሽታው አይነሳ! እሳቸው በነጠላቸው ፊታቸውን እየጠረጉ፣ «እሷም ተነፈሰች፣ አንቺም አፍ አወጣሽ» ብለው ሳቁ። ማታ ራት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ እናቴ ጠየቁኝ።

አሁን እሳቸውም ባሌም የሉም። ልጆቼ ደሴ ናቸው፤ ይደውላሉ፣ ግን ይቸኩላሉ። ባለሙያዋም ሚኒባስ እንዳያመልጣት ሮጠች። እንዳለችኝ ፋጉሎውን ከገለባው ጋር ለወስኩና ለላሜ ሰጠኋት። ከዚያ ጆሮዋ ስር ጠጋ ብዬ፣ «ቀንሺ ተብለሻል፣ ቀንሺ። ግን ጨርሰሽ እንዳትተዪው አደራ፤ እዚህ ቤት ከእኔ ሌላ ድምፅ ያለሽ አንቺው ነሽ» አልኳት።