በአሜን የዋጥኩት ክኒን

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ወደ ወንበሬ ብመለስ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። "ይህ ምስክርነት ሰው ያሰናክላል፤ ቢቀርስ?" ያሉኝ ወዳጆች አሉ። አይቀርም፤ እናገራለሁ! ሆኖም ዕድሜዬን በማስተማር ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ያላረጋገጥኩትን መናገር ይከብደኛል፤ ትዝታዬንም እንደ ድሮው አላምነውም። ስለዚህ ባለቤቴን አስቴርን ከፊት አስቀምጫታለሁ። ከተሳሳትኩ ታርመኛለች።

ቀድሞ የማላምን ሰው ነበርኩ። እዚሁ መቱ ባዮሎጂ ሳስተምር፣ ጸሎት ማለት ያልተማረ ሰው መጽናኛ ይመስለኝ ነበር። አስቴር ወደዚህ ጸሎት ቤት ስትመጣ እስከ በሩ እሸኛትና ሻይ ቤት ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። በዚያው ዘመን አንገቴ ላይ ንፍፊት ወጣ፤ በቀኝ በኩል ይመስለኛል።

"በግራ ነው!"

ሰማችኋት? በግራ ነው። ተመስገን!

ንፍፊቱ አላመመኝም፤ ግን አልጠፋም አለ። ሰውነቴም ከሳ። ለተሻለ ምርመራ ወደ አዲስ አበባ ተላክሁ። ከንፍፊቱ ናሙና ተወስዶ ደሜም ከታየ በኋላ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ሐኪም ሁለት ስም ነገረችኝ፦ ሊምፎማ የሚባል የንፍፊት ካንሰር፣ በጉበቴም ሄፓታይተስ ሲ የሚባል ቫይረስ።

"ሁለት በሽታ በአንድ ጊዜ?" አልኳት።

"ጋሼ፣ ምናልባት አንዱ ሌላውን አምጥቶት ይሆናል። ቫይረሱ ለዓመታት የመከላከያ ሴሎችዎን ዕረፍት ነሥቷቸዋል፤ ያለማቋረጥ ሲባዙ አንዳንዱ መስመር ይስታል። የእርስዎ ሊምፎማ ቀስ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ በመጀመሪያ ቫይረሱን በክኒን እናጥፋ። ንፍፊቱ አብሮ ሊከስም ይችላል፤ ላይከስምም ይችላል።"

"ላይከስምም ይችላል" የሚለው ቃል አብሮኝ መቱ ገባ። ካንሰሩ አንገቴ ላይ እያለ የጉበት ክኒን እየዋጡ መጠበቅ! ማስረጃ ካላየሁ የማላምን ሰው፣ ማስረጃው ገና ባልመጣ ነገር ላይ ሕይወቴን አኖርኩ። አስቴር በየጠዋቱ እጇን ንፍፊቱ ላይ ጭና ትጸልያለች፤ እኔ ክኒኑን ይዤ ዝም እላለሁ። አንድ ጠዋት ግን ጸሎቷን ስትፈጽም ከአፌ "አሜን" ወጣ።

ዓይኗን ገልጣ፣ "ምን አልክ?" አለችኝ።

"አሜን። ምነው፣ ለእኔ አይፈቀድም?"

ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። በዚያች ጠዋት ጌታን ተቀበልኩ። ክብር ለስሙ ይሁን!

ወገኖቼ፣ ፈተናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የመጣውም ከራሳችን ሰዎች ነው። የአስቴር እህት ደብሪቱ፣ ኡካ ከተማ ወደሚደረግ የፈውስ ጉባኤ ወሰደችን። በዚያ ጉባኤ ፈውሱን በእምነት የተቀበለ ሰው መድኃኒቱን መድረክ ላይ ጥሎ ይወርዳል። ወንጌላዊው ጸለየልኝ፤ በሙሉ ልቤ ተቀበልኩ። ከዚያ እጁን ዘረጋ።

"አባባ፣ ክኒኑን ያስቀምጡት። ተፈውሰዋል።"

"ጸሎቱን ተቀብያለሁ፤ ክኒኑን አልሰጥም።"

ደብሪቱ ከታች ሆና፣ "ኧረ ጋሼ፣ አያዋርዱን! እምነት የለውም ይሉናል!" አለች።

"ይበሉ!" አልኩ። ማይክሮፎኑ አፌ ሥር ስለነበር ሁሉም ሰማ። "ይህን ክኒን ያገኘ አእምሮ የማን ፍጥረት ነው? ቫይረሱን ትቼ ካንሰሩን ልቀልብ? ውሃ ስጡኝ!"

አስቴር ከሕዝቡ መካከል ተነሥታ ውሃ ይዛልኝ መድረኩ ላይ ወጣች። እጇን አንገቴ ላይ ጭና ጸለየች፤ አሜን አልኩ፤ በሁሉም ፊት ዋጥኩት።

ሃሌሉያ! ክኒኑን እስከ መጨረሻው ወሰድኩ። በኋላ ደሜ ሲመረመር ቫይረሱ አልተገኘም። ንፍፊቱም ቀስ በቀስ ከሰመ፤ ሐኪሟ ዳብሳ ዳብሳ አጣችው።

"ጠፋ ማለት ነው?" አልኳት።

"አሁን የለም፤ ክትትሉ ግን አይቋረጥም" አለችኝ።

እኔም ከዚህ የበለጠ አልልም። የማውቀው ይህን ነው፦ ለቀብሩ ሲዘጋጅ የነበረ ሰው በፊታችሁ ቆሟል። መድኃኒቱን ያዘጋጀ እርሱ፣ መጠበቅን ያስተማረኝም እርሱ! ጎረቤቶቼ በኦሮምኛ እንደሚያመሰግኑት፣ ገለትኒ ዋቀዮፍ ሃ ተኡ፤ ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁን!

በጌታ ገና ያልታመናችሁ ካላችሁ፣ ታመኑበት። እንደ እኔ ያለውን ጠያቂም አልናቀም። ደማችሁን መመርመርም አትፍሩ፤ ይህ ቫይረስ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። መድኃኒታችሁን ጣሉ የሚላችሁ ቢኖር ወደ እኔ ላኩት። ከነገ ወዲያ የክትትል ቀጠሮዬ ነው፤ ነገ በማለዳው መኪና ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ጸልዩልኝ። እንዳልሄድ ግን ማንም እንዳይጸልይልኝ! አሜን በሉ።