የአክስቴ ሻሼ አይብ ቅርፊት

ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አንድ ክብ ፎርማጆ ይዞ መጣ። ልጄ ቢላዋ አንስታ "እማዬ፣ ቅርፊቱ ይበላል ወይስ ይጣላል?" አለችኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር፤ ቆርጬ ቀመስኩትና ወደድኩት። ከዚያ በኋላ ግን ስነሳ ስቀመጥ ዋልኩ። ይህቺው ጥያቄ በእኛ ቤት አንዴ ሁለት ሰው አጣልታ ነበርና።

ሶዶ ስናድግ ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ሻሼ ከተበላ ከተማ ትመጣ ነበር። ይዛልን የምትመጣው አይብ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ከምድጃዋ በላይ ቆጥ ላይ የከረመ ነው። ውጪው ደርቆ ቢጫ ቅርፊት ያበጃል፤ ጭስ ጭስ ይሸታል። ውስጡ ግን ጥጥ ነው። እናቴ የከተማ ልጅ ስለነበረች ቅርፊቱን ልጣ ለውሻ ትጥለዋለች። አክስቴ ያንን ባየች ቁጥር "ጣዕሙን ለውሻ ሰጥታ ለሰው ምን ልትተው ነው?" እያለች ታጉረመርማለች። እኔና ታናሽ ወንድሜ ማርቆስ ደግሞ ውሻውን እየቀደምን እንበላ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ በበዓሉ ዋዜማ፣ ማርቆስ ሆዱን ይዞ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አስመለሰው፤ ላብ አጠመቀው። እናቴ ምን እንደበላ ስትጠይቀው ሆዱን እያሳየ አቃሰተ። በዚያ ጠዋት ግን አክስቴ አንድ ቁራጭ ቅርፊት ስታጎርሰው አይታለች። አንቱ ስትላት የኖረችውን ሴት "ልጄን በሻጋታ ልትገድይብኝ ነው እንዴ!" ብላ ጮኸችባት።

አክስቴ ነጠላዋን አጣፋች፣ ቅርጫቷን አነሳችና በዚያ ቀይ ጭቃ ወደ መናኸሪያ ወረደች።

እውነቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። የጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥለን ያልበሰለ የዘይቱን ፍሬ ስንበላ ነበር ያረፈድነው፤ "ብላ፣ ምንም አያደርግህም" ያልኩትም እኔ ነኝ። ከጓዳ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ጓዳ እመላለስ ጀመር። ልቀመጥ ብል ወንበሩ ይቆጠቁጠኛል። የሚነጠረው ቅቤ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል፣ የጎረቤት ልጆች ይጨፍራሉ፤ እኔ የሚታየኝ የአክስቴ ጀርባ ብቻ ነው። በመጨረሻ የእናቴን ቀሚስ ይዤ "ዘይቱን ነው፤ እኔ ነኝ የሰጠሁት" አልኳት።

ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ማርቆስን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ለውሻው የተቀመጠውን ቅርፊት በቅጠል ጠቅልላ ከበር ወጥታለች። ተከተልኳት። አንድ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ሲቀር እንኳ አልቆመችም፤ አንስቼ ያዝኩላት።

ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ደረስን። ረዳቱ "ተበላ! ተበላ!" እያለ ይጣራል። እናቴ በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ "እትዬ ሻሼ፣ በድያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ" አለች። አክስቴ ፊቷን አዞረች። ያኔ እናቴ ቅጠሉን ፈታች፤ ሰው ሁሉ እያየ ቅርፊቱን ጎረሰችው። ዓይኗ እንባ እስኪያቀር አኘከች፣ ዋጠች። ረዳቱ አሁንም "ተበላ!" ሲል አንድ ተሳፋሪ "አየን እኮ፣ ተበላ!" አለና መኪናው በሳቅ ተናወጠ። አክስቴም ሳቋን መደበቅ አልቻለችም። "ኧረ ውሃ ስጧት፣ ታንቃ ልትሞትብኝ ነው!" እያለች ወረደች። ጊፋታን አብረን ዋልን፤ ማርቆስም ተሽሎት ከሁላችን በላይ በላ።

ዛሬ ሶዶ ገበያ አይብ የሚሸጠው በፌስታል ነው፤ ቅርፊት እስኪያበጅ የሚጠብቀው የለም። እናቴም አክስቴም አልፈዋል። ማርቆስ ሀዋሳ ነው የሚኖረው። በፋሲካ በአንዲት ክፉ ቃል ተኳርፈን እስካሁን አልተደዋወልንም፤ ቃሏ ከእኔ አፍ እንደወጣች አውቃለሁ። እናቴ ጥፋቷን ባወቀችበት ቅጽበት እስከ መናኸሪያ ሮጣለች። እኔ ስልኩ እጄ ላይ ነው፤ ስሙን አወጣለሁ፣ አየዋለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ።